የመጀመሪያ ጠመንጃ ልትገዙ ነው? ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

እዚህ አሜሪካ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ። "አጋዘን ማደን ልጀምር ነው ምን አይነት ጠመንጃ ልግዛ?" አንዳንዱ ደግሞ ማደኑን ትቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬንጅ ሄዶ ዒላማ መተኮስ ነው ያማረው። ሁለቱም ጥሩ ነው። ችግሩ ግን ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከካሊበር (ከጥይቱ ውፍረትና አይነት) ነው፣ 308 ይሻላል 30-06 ይሻላል እያለ ዩቲዩብ ላይ ሲያፈጥ ያድራል፣ ከዛ ሱቅ ገብቶ ወይ ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሰውን ትልቁን ወይ ክላሽ የሚመስለውን ጥቁር ነገር ተሸክሞ ይወጣል፣ ከዛ ያ ጠመንጃ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ለጀማሪ ጥሩ ጠመንጃ ማለት በህግ መያዝ የምትችሉት፣ ትከሻችሁ ላይ በልክ የሚቀመጥ፣ ሲተኮስ የማያስደነግጣችሁ፣ ጥይቱም ኪስ የማይጎዳና ደጋግማችሁ የምትተኩሱበት ነው። ካሊበሩ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ሀበሾች ደግሞ ምንሽር ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየን ስላደግን፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ ሲተኮስም ስለሰማን፣ መሳሪያ የምናውቅ ይመስለናል። ወደ ሰማይ መተኮስ ሌላ ነው፣ 100 ያርድ ላይ ያለች የቡና ስኒ የምታክል ቦታ ደጋግሞ መምታት ሌላ ነው።

በቅድሚያ ወረቀት። ይሄን ክፍል አትዝለሉት፣ ለኛ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ህግ ጠመንጃ መግዛት ይችላል፣ የግድ ዜጋ መሆን የለበትም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ ደረጃ አይችልም፣ የሚሰራ የአደን ፈቃድ ላለው ሰው የተተወች ቀዳዳ አለች ግን እሷንም ጠበቃ ሳታማክሩ እንዳትነኩ። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው መግዛት ብቻ አይደለም የተከለከለው፣ መያዝም ነው፣ ስለዚህ "እንካ አንዴ ሞክራት" ብላችሁ ሬንጅ ላይ ለጓደኛችሁ ስታቀብሉ እሱንም ራሳችሁንም ችግር ውስጥ እየከተታችሁ ሊሆን ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ፎርም 4473 የሚባል ትሞላላችሁ። ሻጩ ማንነታችሁን ያጣራል፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃል አንዳንዴ ግን ቀናት ይፈጃል፣ ስማችን እንደዚህ እየተደጋገመ ሲመሳሰል ቢዘገይ አይግረማችሁ። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ለመግዛት የፌደራሉ ዕድሜ ለረጅም ጠመንጃ 18 ለሽጉጥ 21 ነው፣ ስቴቶች ከዛ በላይ ማጥበቅ ይችላሉ። ፎርሙ ላይ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይጠይቃል፣ እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ማሪዋና ስቴታችሁ ቢፈቅደውም በፌደራል ህግ ግን የተከለከለ ስለሆነ ተጠቃሚ የሆነ ሰው "አልጠቀምም" ብሎ ከፈረመ ዋሸ ማለት ነው። ጫትም እንደዛው ነው! ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር በፌደራል ህግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው ያለው። ቅዳሜ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይሄን አስቦበት ይግባ። ሌላው የቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኝነት ነው፣ ቀላል ወንጀል ተብሎ ቢያልፍም ጠመንጃ እስከመከልከል ይደርሳል።

ለሌላ ሰው ብሎ መግዛትም አለ። የአክስት ልጅ ወረቀት ስለሌለው ወይም ማጣሪያውን ስለማያልፍ ገንዘቡን ይሰጣችሁና "በስምህ ግዛልኝ" ይላል። በፍጹም። ከባድ የፌደራል ወንጀል ነው። በራሳችሁ ገንዘብ ገዝታችሁ መያዝ ለሚፈቀድለት ሰው ስጦታ መስጠት ሌላ ጉዳይ ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ የመሳሪያ ወንጀል ከአገር ሊያስባርር የሚችል ነገር መሆኑን አትርሱ፣ 15 አመት የለፋችሁበትን ግሪን ካርድ በአንድ ውለታ ታጡታላችሁ።

ስቴቱም የራሱ አለው። ዲሲ ውስጥ የሚኖር ሰው ጠመንጃውን ማስመዝገብ አለበት። ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት ኤችኪውኤል የሚባል ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኢሊኖይ ደግሞ ፎይድ ካርድ ከሌላችሁ ጥይትም አይሸጥላችሁም። ረጅም ጠመንጃ ከሌላ ስቴት ነጋዴ መግዛት ይቻላል የሁለቱም ስቴት ህግ ከፈቀደ፣ ሽጉጥ ግን ከምትኖሩበት ስቴት ውጪ ገዝታችሁ ይዛችሁ መምጣት አይቻልም።

ከዛ ኮርስ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከዚህ በፊት የአደን ፈቃድ ኖሮት የማያውቅ አዋቂ ሰው ሀንተር ኤጁኬሽን የሚባለውን የአዳኞች ኮርስ መውሰድ አለበት፣ ኮሎራዶ ላይ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ፣ ይሄ ማለት ያው ሁላችንም ነን። ብዙ ስቴት ላይ ደግሞ አፕሬንቲስ የሚባል ፈቃድ አለ፣ ኮርሱን ሳትወስዱ ልምድ ካለው ፈቃድ ያለው ሰው ጋር አብራችሁ ወጥታችሁ ትሞክራላችሁ። ምክሬ ኮርሱን ጠመንጃ ከመግዛታችሁ በፊት ውሰዱት፣ ከተቻለ ኦንላይኑን ሳይሆን በአካል የሚሰጠውን፣ ምክንያቱም እዛ ብዙ አይነት ጠመንጃ ያሳዩአችኋል፣ አስተማሪዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ በበጎ ፈቃድ የሚሰሩ የአካባቢው አዳኞች ስለሆኑ ስለ ቦታ ስለ ህግ የፈለጋችሁትን መጠየቅ ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ ኮርሱ ነጻ ወይም ርካሽ የሆነው ያለምክንያት አይደለም፣ በሚሸጥ ረጅም ጠመንጃና ጥይት ላይ 11 ፐርሰንት የፌደራል ታክስ አለ፣ እሱ ገንዘብ ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለነዚህ ኮርሶች ይሄዳል። ስለዚህ ስትገዙ ትከፍሉታላችሁ፣ ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንምጣ። ጥያቄው "ምን ትበላላችሁ" ነው። አልቀለድኩም። የፈረንጅ ምክር ሁሉ ጀማሪ ስኩዊረልና ጥንቸል በ22 ካሊበር እያደነ ይጀምር ይላል፣ ለነሱ ጥሩ ምክር ነው፣ ርካሽ ነው፣ እንስሳው ብዙ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው። ኦርቶዶክስ ግን ጥንቸል አይበላም፣ ስኩዊረልማ ስሙን ሲሰማ ነው የሚያማትበው። የማይበላ ነገር ለልምምድ ብሎ መግደል ደግሞ እኔ በበኩሌ አይዋጥልኝም። አጋዘን ግን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ሙስሊም የሆናችሁ ደግሞ ስትተኩሱ ስለሚባለው ቢስሚላህና እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ ከደረሳችሁበት ስለምታደርጉት ነገር ወጥታችሁ ሳይሆን ከመውጣታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ። በዚህ ምክንያት ለብዙዎቻችን አደን ማለት አጋዘን ነው፣ ቢበዛ ዋኖስ፣ ዳክዬ፣ ቆቅ። 22 ደግሞ የሬንጅ ጠመንጃ ሆኖ ይቀራል።

የጊዜውንም ነገር አስቡበት። ቨርጂኒያ ላይ የጠመንጃው የአጋዘን ወቅት የሚከፈተው ኖቬምበር አጋማሽ አካባቢ ባለ ቅዳሜ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ህዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ። የነቢያት ጾም ህዳር 15 ይገባል። ጾም ሳይገባ የምትበሉት ካማራችሁ ያላችሁ ጊዜ አንድ ሳምንት ምናምን ነው፣ ከዛ በኋላ የምትመቱት ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። ስለዚህ ጠመንጃውን በመክፈቻው ሳምንት ሮጣችሁ ከመግዛት በበጋ ገዝታችሁ ስትለማመዱበት ክረሙ።

ቀጥሎ የምታድኑበት ካውንቲ። ሰው ይሄን ሳያይ ነው ራይፍል (አንድ አንድ አረር የሚተኩስ ረጅም ጠመንጃ) የሚገዛው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአጋዘን የሚሆን ራይፍል ካሊበሩ 23 እና ከዛ በላይ መሆን አለበት፣ ስለዚህ 22 ከጨዋታ ውጪ ነው፣ አንዳንድ ካውንቲ ላይ ደግሞ ለአጋዘን ራይፍል ጭራሽ አይፈቀድም፣ የሚፈቀደው ሾትገን (ብዙ ጥቃቅን ጥይት ወይም አንድ ወፍራም አረር የሚተኩስ በርሜሉ ሰፊ ጠመንጃ) ነው። ሜሪላንድም ሾትገን ብቻ የሚሉ ካውንቲዎች አሉት። ኮሎምበስ ያላችሁ ልጆች፣ ኦሃዮ ላይ አጋዘን የሚታደነው በሾትገን ወይም ቀለሁ ቀጥ ያለ በሆነ ጥይት በሚተኩስ ራይፍል ነው፣ 308 ገዝታችሁ ብትመጡ ለአጋዘን አትወጡበትም፣ 350 ሌጀንድ የሚባለው ዊንቸስተር በ2019 ያወጣው ጥይት ለናንተ የተሰራ ነው ማለት ይቻላል፣ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምቱም ቀላል ነው። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ደግሞ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ግን ኮሎራዶ ለትልቅ እንስሳ ከ24 ካሊበር በታች አይፈቅድም፣ ለኤልክ፣ ለትልቁ የአጋዘን ዘር፣ ደግሞ አረሩ ቢያንስ 85 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) እንዲመዝን ይፈልጋል። የስቴታችሁን የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት ዌብሳይት ከፍታችሁ የካውንቲያችሁን ገጽ አንብቡ፣ ህጉ በየአመቱ ሊቀየር ይችላል።

ዒላማ መተኮስ ብቻ ለምትፈልጉ መልሱ አጭር ነው፣ 22 ኤልአር ግዙ። አዳኞችም ብትሆኑ አቅም ካላችሁ የመጀመሪያዋን 22 አድርጓት። ጥይቷ አስር ሳንቲም ገደማ ናት፣ የአጋዘን ጥይት ግን አንዷ አንድ ዶላርና ሁለት ዶላር ትላለች፣ ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በ22 መቶ ጥይት ተኩሳችሁ በቡና ዋጋ ትመለሳላችሁ። ትከሻ አትመታም፣ ድምጿ ትንሽ ነው፣ አተነፋፈስ፣ ቃታ አሳሳብ፣ ማነጣጠር ሁሉ የሚለመደው እሷ ላይ ነው። ሩገር 10/22 ከ1964 ጀምሮ እየተሰራ ያለ ሴሚ አውቶማቲክ (ከተተኮሰ በኋላ ራሱ የሚያጎርስ) ነው፣ 10 ጥይት የምትይዝ ክብ ካዝና አለችው፣ መለዋወጫው በየቦታው ነው። እኔ ግን ለጀማሪ ቦልቱን፣ በእጅ እየተሳበ የሚያጎርሰውን፣ እመርጣለሁ፣ ሳቬጅ ማርክ 2 ወይም ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ሲዜድ 457፣ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ በእጃችሁ ስትስቡ ስለ ሚቀጥለው ታስባላችሁ፣ ሴሚው ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንድታጠፉት ይጋብዛል። "ትንሽ ናት" ብላችሁ ግን እንዳትንቋት፣ የጥይቱ ፓኬት ላይ ራሱ እስከ አንድ ማይል ተኩል ልትሄድ እንደምትችል ተጽፏል፣ ሰው ትገድላለች።

ለአጋዘን ራይፍል ሲሆን ከአራቱ አንዱን ብትይዙ አይቆጫችሁም። 243 ዊንቸስተር ምቱ ቀላል ነው፣ ከ1955 ጀምሮ አጋዘን ሲጥል የኖረ ነው፣ ቀጠን ላሉ ሰዎችና ለወጣቶች የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። 6.5 ክሪድሙር በ2007 የመጣ ነው፣ መሀል ላይ ያለ፣ እሩቅ ዒላማም ለሚወድ አንድ ጠመንጃ ለሁለት ነገር ይሆናል። 308 ዊንቸስተር ጥይቱ የትም ሱቅ ይገኛል፣ ዎልማርትም፣ ገጠር ነዳጅ ማደያም፣ ምቱ ግን መሰማት ይጀምራል። 30-06 የአሜሪካ ጦር ከ1906 ጀምሮ የተጠቀመበት ነው፣ እስከ ኤልክ ድረስ ይበቃል፣ ለጀማሪ ትከሻ ግን ጠንከር ይላል። ከዛ በላይ ያለውን፣ 300 ማግነም ምናምን፣ አሁን እርሱት። ሻጩ "ይሄ ሁሉን ይጥላል" ይላችኋል፣ እውነት ነው፣ ግን እናንተንም ይጥላችኋል።

ምቱን ለምን እንደዚህ እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። ጠንካራ ጠመንጃ ጥቂት ጊዜ ትከሻችሁን ከመታችሁ አእምሯችሁ ይማራል፣ ከዛ ቃታውን ልትስቡ ስትሉ ቀድማችሁ ትኮማተራላችሁ፣ አይን ይጨፈናል፣ አፈሙዙ ወደ ታች ይሄዳል። ተኳሾች ፍሊንች ይሉታል። አንዴ ከያዘ ለማስለቀቅ ወራት ነው። እንዳላችሁ ለማወቅ ጓደኛችሁ ካዝናው ውስጥ እውነተኛና ዳሚ (የማይተኮስ) ጥይት ቀላቅሎ ይሙላላችሁ፣ ዳሚዋ ላይ ስትስቡ ጠመንጃው ከተወዛወዘ አላችሁ። የጠመንጃው ክብደትም ይወስናል፣ ተራራ ለመውጣት ቀላሉ ደስ ይላል ግን ያው ጥይት በቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ የበለጠ ይመታል፣ የሰደፉ ጫፍ ላይ ወፍራም ላስቲክ ያለበትን ፈልጉ።

ሾትገን ለሚፈልግ፣ በህግም ይሁን ወፍ ስለሚወድ፣ ሞስበርግ 500 ወይም ከ1950 ጀምሮ ያለው ሬሚንግተን 870፣ ሁለቱም ፓምፕ (በርሜሉ ስር ያለውን እጀታ በእጅ እየሳባችሁ የምታጎርሱት) ናቸው፣ ሁለቱም እንደ አህያ ይሰራሉ። ጥቅማቸው በርሜል መቀየር መቻላቸው ነው፣ ውስጡ ለስላሳውን ለወፍና ወደ አየር ለሚወረወር የሸክላ ዒላማ፣ ውስጡ የተቦረቦረውን ለአጋዘን በስለግ (አንድ ወፍራም አረር ባለው ጥይት) ለመምታት። 12 ጌጅ ወይስ 20 ጌጅ? ጌጅ የበርሜሉ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል። ከባድ ሰው ካልሆናችሁ 20 ይበቃችኋል፣ አጋዘንም ይጥላል፣ ወፍም። 12 የሚሻለው የጥይት ምርጫው ስለሚበዛና ዳክዬ ላይ ስለሚረዳ ነው። ሸክላ ዒላማ፣ ትራፕና ስኪት የሚባለውን፣ በብዛት ልትተኩሱ ካሰባችሁ ደግሞ ሴሚ አውቶማቲክ 12 ብታዩ ጥሩ ነው፣ ከጋዙ በከፊል ለራሱ ስለሚጠቀም ምቱ ይለሰልሳል፣ አንድ ዙር 25 ጥይት ነው፣ ሁለት ዙር በፓምፕ ከተኮሳችሁ ማታ ትከሻችሁን ታውቁታላችሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ ላላችሁ ሴንተርቪል አጠገብ ያለው ቡል ራን ላይ ሸክላ ይተኮሳል፣ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ማየት ብቻውን ያስተምራል።

ቾክ የሚባል አለ፣ በርሜሉ ጫፍ የሚገባ ማጥበቂያ። ስለግ በጠባቡ በፉል ቾክ እንዳትተኩሱ። ዳክዬ ልታድኑ ካሰባችሁ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ለዳክዬና ለዝይ እርሳስ የተከለከለ ስለሆነ የብረት ጥይት የሚችል በርሜል መሆኑን አረጋግጡ፣ ለተሰዳጅ ወፎች ሾትገኑ በጠቅላላ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ የሚዘጋ እንጨትም ይኖራል፣ አውጥታችሁ እንዳትጥሉት።

ልክ። ጫማ ሳትለኩ አትገዙም አይደል፣ ጠመንጃም እንደዛው ነው፣ ሰው ግን ኦንላይን አይቶ ያዛል። አብዛኛው ጠመንጃ ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 13 ተኩል ወይም 14 ኢንች ነው፣ አማካይ ቁመት ላለው ፈረንጅ ወንድ የተሰራ ነው። አጠር ላለ ሰው፣ ለብዙ ሴቶችም፣ ይረዝማል፣ ሲረዝም ደግሞ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሰደፉ ትከሻ ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ ያርፋል፣ ይጎዳል። 12 ተኩል ኢንች አካባቢ የሆኑ ኮምፓክት ወይም ዩዝ የሚባሉ አሉ፣ "የልጅ ነው" ብላችሁ አትፈሩ። ሱቅ ውስጥ ሻጩን ባዶ መሆኑን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ እናንተም በአይናችሁና በጣታችሁ አረጋግጡ፣ ከዛ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጋችሁ አይናችሁን ጨፍናችሁ ትከሻ ላይ አስቀምጡት፣ ስትከፍቱ ማነጣጠሪያው አንገት ሳታጣምሙ ፊት ለፊታችሁ ካለ ልካችሁ ነው። የክረምት ጃኬት ለብሳችሁ ሂዱ፣ አደኑ በብርድ ነው፣ ጃኬቱ ራሱ አንድ ኢንች ይጨምራል።

አይንም ይፈተሻል። ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ሰርታችሁ፣ ሁለቱም አይን ተከፍቶ፣ በቀዳዳዋ ግድግዳ ላይ ያለ ነገር እዩ፣ ከዛ አንዱን አይን ጨፍኑ። ነገሩ አሁንም በቀዳዳዋ ከታየ የተከፈተው ነው ዋናው አይናችሁ፣ ከጠፋ ደግሞ የጨፈናችሁት። ቀኝ እጅ ሆኖ ግራ አይን ዋና የሆነበት ሰው ብዙ ነው፣ ሾትገን ላይ በተለይ ይቸገራል፣ እንደዚህ ከሆናችሁ ከመግዛታችሁ በፊት በግራ ትከሻ መተኮስ ሞክሩ፣ ከተመቻችሁ የግራ ቦልት ያለው ጠመንጃ አለ። ከቻላችሁ ደግሞ ጠመንጃ የሚያከራይ ሬንጅ ፈልጋችሁ ሁለት ሦስት አይነት ተኮሱ፣ ኪራዩ ካልወደዳችሁት ጠመንጃ ኪሳራ በጣም ያንሳል።

ገንዘቡን ስታስቡ ጠመንጃውን ብቻ አትቁጠሩ። ሩገር አሜሪካን ወይም ሳቬጅ አክሲስ አይነት ቦልት ከ400 እስከ 700 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሁለቱም ከብዙ ጀማሪ በላይ አነጣጥረው ይተኩሳሉ። ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ 40 ሚሊሜትር ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው፣ 200 ዶላር ገደማ መድቡለት። ርካሹ የ50 ዶላር ስኮፕ ምቱን አይችልም፣ ዛሬ ያስተካከላችሁት ነገ ሌላ ቦታ ይመታል፣ እናንተ ራሳችሁን ትጠረጥራላችሁ። ስኮፑን ስታሳስሩ አይናችሁ ከመስታወቱ ሦስት ኢንች ተኩል ያህል እንዲርቅ አድርጉ፣ የቀረበ ስኮፕ ቅንድብ ይተረትራል፣ አዳኞች ሲተዋወቁ በጠባሳው ይተዋወቃሉ።

ጆሮ ደግሞ ሳትሸፍኑ ሬንጅ እንዳትገቡ። የራይፍል ድምጽ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው፣ የመስማት ችሎታን አንዴ ከወሰደ አይመልስም። ኤሌክትሮኒክ የጆሮ መሸፈኛ የሰው ንግግር እያሰማ ተኩሱን ይቆርጣል፣ ሬንጅ ላይ ትዕዛዝ መስማት ስላለባችሁ ለጀማሪ ይሄ ይሻላል። የአይን መነጽርም።

ያገለገለ ጠመንጃ መግዛት ነውር የለውም፣ እንደውም 30-06 ከሆነ ብዙዎቹ በአመት አምስት ጥይት የተተኮሰባቸው ናቸው። በርሜሉ ውስጥ መብራት አብርታችሁ ዝገት ካለ፣ የቦልቱ ፊት የተበላ ከሆነ፣ ሰደፉ አንገቱ ጋ የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት። ካሊበሩ በርሜሉ ላይ ተቀርጾ መኖሩን አይታችሁ ያንኑ ጥይት ብቻ ግዙ፣ "ይመስላል" አይሰራም። በተለይ ሁለት ሾትገን ያለው ቤት ይጠንቀቅ፣ 20 ጌጅ ጥይት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ በርሜሉ መሀል ይሰካል፣ ከኋላው 12 አስገብታችሁ ከተኮሳችሁ በርሜሉ እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። አንድ ኪስ ውስጥ ሁለት አይነት ጥይት አይቀመጥም።

ቤት ስታመጡትስ? የሀበሻ ቤት ሰው አይጠፋበትም፣ ቡና አለ ልደት አለ ክርስትና አለ፣ ልጆች ፎቅ ወጥተው ክፍል ለክፍል ይሯሯጣሉ። ቁም ሳጥን ላይ መስቀል፣ አልጋ ስር ማስቀመጥ የለም። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ግዙ፣ ጥይቱ ለብቻው ሌላ ቦታ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ወይም ቁጥሩ እናንተ ጋ ብቻ። ብዙ ስቴት ልጅ ጋ የደረሰ ጠመንጃ ባለቤቱን ያስጠይቃል። መኪና ውስጥ ባዶ ሆኖ ተቆልፎ ነው የሚሄደው፣ ከአደን ስትመለሱ ቤተክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ኋላ ወንበር ላይ ጥላችሁ እንዳትገቡ። "ለአባቴ ወደ አገር ቤት ልላክለት" የሚለውን ሀሳብ ደግሞ ከአሁኑ ጣሉት፣ ከዚህ ማስወጣት የመንግስት ፈቃድ ይፈልጋል፣ እዛም የጦር መሳሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ጠመንጃ ሁለት አገር ያስከስሳል።

ከዛ ዜሮ ማድረግ፣ ማለትም ጥይቱ ስኮፑ የሚያሳያችሁ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ማስተካከል። በ25 ያርድ ጀምሩ፣ ወረቀቱ ላይ ካረፈ ወደ 100 ሂዱ። ሦስት ጥይት በጥንቃቄ ትተኩሳላችሁ፣ መሀላቸውን ታያላችሁ፣ ስኮፑን ትዞራላችሁ፣ አብዛኛው ስኮፕ ላይ አንድ ቀጭታ (ሲዞር ቀጭ የሚለው፣ ክሊክ) በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ነው፣ ሁለት ኢንች ዝቅ ካለ ስምንት ቀጭታ ወደ ላይ። አንድ ጥይት ብቻ አይታችሁ አትዙሩ፣ በርሜሉም ይብረድ። ከጠረጴዛ ላይ ከተስተካከለ በኋላ ተነሱና ተንበርክካችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ዛፍ ተደግፋችሁ ተኮሱ፣ ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ከነዚህ አቀማመጦች ጥይቶቻችሁ ሁሉ አንድ የእንጀራ ማቅረቢያ ሳይሆን አንድ የሻይ ሳህን ውስጥ የሚገቡበት ርቀት ነው የእናንተ የአደን ርቀት፣ 60 ያርድ ከሆነ 60 ነው፣ ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ከዛ በላይ ብዙም አያስፈልግም።

ጥይቱን ስትመርጡ ስለ ስጋው አስቡ። የእርሳስ አረር ስጋ ውስጥ ሲገባ አይን የማያየው ብናኝ ሆኖ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ይበተናል፣ ቤት ውስጥ ህጻን ወይም እርጉዝ ካለ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሰራውን ግዙ፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ካሊፎርኒያማ ከ2019 ጀምሮ ለአደን እርሳስ ጭራሽ ከልክላለች። ክትፎ የምትሉትን ነገር ደግሞ እዚህ ጋ እናቁም፣ የዱር አጋዘን ጥሬውን አይበላም፣ ማቀዝቀዝም ባክቴሪያውን አይገድለውም፣ ጥብስ አድርጉት። አንዳንድ የቨርጂኒያ ካውንቲዎችን ጨምሮ ሲደብልዩዲ የሚባለው የአጋዘን በሽታ ባለባቸው ቦታዎች ስጋው ከመበላቱ በፊት ናሙና እንዲመረመር ይመከራል፣ ስቴቱ ማስረከቢያ ቦታዎች አሉት።

እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚወደው ጥይት አለ፣ አንድ ሞዴል ሁለት ጠመንጃ እንኳን አይመሳሰሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ከሁለት ከሦስት ካምፓኒ አንዳንድ ፓኬት ግዙ፣ 100 ያርድ ላይ ሦስት ሦስት ተኩሳችሁ ማን እንደሚጠጋጋ እዩ፣ ከዛ የተመረጠውን ፓኬቱ ላይ ያለው የሎት ቁጥር (የምርት ዙር ቁጥር) አንድ የሆነ አምስት ስድስት ፓኬት ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ ኖቬምበር ሲደርስ መደርደሪያው ባዶ ነው።